ጥቁርና ደማቅ ቀለማት በቤት ውስጥ፤ የሰሜን ተራሮች ግርጌ ልምድ

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና 75 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ዳባት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ደግሞ ደባርቅ ይገኛሉ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በር የሆነች ከተማ ናት። ብርድ በበረታበት በዚህ ደጋ ቤት ማለት በቅድሚያ ሙቀት ማለት በመሆኑ፣ የግድግዳው ቀለምና የዕቃው አደራደር ከእሳትና ከጭስ ጋር ተሳስሮ የኖረ ነው።

በዘመናችን የሚወጡ የቤት ማስጌጫ ጽሑፎች ጥቁር ቀለምን ከቀይ፣ ከቢጫ ወይም ከሰማያዊ ጋር ማዋሃድን እንደ አዲስ ፋሽን ሲያቀርቡት ይስተዋላል። ለወገራና ለሰሜን ነዋሪ ግን ጥቁር በቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። አዲስ የሆነው ጥቁሩ የሚገኝበት መንገድ ነው። ቀድሞ ከጭስ፣ ከሸክላና ከበግ ጸጉር ይገኝ የነበረው ዛሬ በጣሳ ታሽጎ ከሱቅ ይገዛል። ለውጡ ከውበት ባሻገር የጤናና የዕደ ጥበብ ህልውና ጉዳይ ያለበት በመሆኑ፣ በቤት ልማት፣ በጤናና በባህል ሥራ ላይ ለተሰማሩ ባለሙያዎች ጭምር የሚጠቅም ነጥብ አለው።

የጭስ ጥቁር

በአካባቢው የቆየው የሣር ቤት ክብ ሲሆን፣ ግድግዳው እንደ ቦታው ከጥቁር ድንጋይ ወይም ከእንጨትና ከጭቃ ይሠራል። ድንጋዩ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈስሶ የሰሜንን ተራሮች የገነባው የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ቤቱ የጭስ ማውጫ የለውም፤ መስኮቱም ወይ ትንሽ ነው፣ ወይ ጭራሹን የለም። እሳቱ በሦስቱ ጉልቻዎች መካከል ይነዳል፤ ጭሱም ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ሣር ውስጥ እየተጣራ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ማገሩ፣ ምሰሶውና ቆጡ በጥላሸት ተለብጠው እንደተወለወለ ቆዳ ያብለጨልጫሉ።

ይህ ጥቁረት በባለቤቶቹ ዘንድ እንደ ጉድለት አይታይም ነበር። ጭሱ የክዳኑን ሣር ከመበስበስና ከተባይ ይከላከላል፤ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ቋንጣና ለዘር የተቀመጠውን እህልም ይጠብቃል። ተመሳሳይ ልምድ ከኢትዮጵያ ውጭም ይገኛል። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች «ጥቁር ቤት» በሚል ስም የሚታወቁት፣ የድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን ያላቸው፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያስጠለሉ ቤቶች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሰው ይኖርባቸው ነበር። የዚያ አገር ገበሬ ጥላሸት የጠጣውን የክዳን ሣር ገፎ ለማሳው ማዳበሪያ ያደርገው ነበር።

በእኛ አገር ደግሞ ጥላሸቱ ወደ ቤተ ክህነት ያመራ ነበር። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከምጣድና ከድስት ሥር ከሚፋቅ ጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ሲሆን፣ ድብልቁ ለወራት እየታሸ እንዲብላላ ይደረጋል። ቅዱሳት ስሞችና የምዕራፍ መክፈቻዎች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። ስለዚህ ጥቁርና ቀይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን እንደሚያጎላ የጎንደርና የአካባቢው ሰው የተረዳው ከቀለም ሱቅ ሳይሆን ከመጽሐፉ ገጽ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁንና ጥላሸትን ለውበቱ ወይም ለልማዱ ሲባል ማቆየት ተገቢ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው እንደሞቱ ይገምታል። ቅድሚያ የሚጎዱትም ከምድጃው አጠገብ የሚውሉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ግድግዳውን ያጠቆረው ጭስ ሳንባንም ያጠቁራል። የተሻሻሉ ምድጃዎችን፣ በተለይም ለእንጀራ መጋገሪያ የሚያገለግለውን ምርት ምድጃ የማስፋፋቱ ሥራ ከማገዶ ቁጠባው ባልተናነሰ ለዚህ ጉዳይ አስፈላጊ ነው። የጭስ ማውጫ የተሠራለት ማድ ቤት ሲኖር፣ ጥቁር ቀለም ከግዴታ ወደ ምርጫነት ይሸጋገራል።

እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ነጥብ መነሳት አለበት። ጥላሸት የጠጣ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ኖራ ወይም የውሃ ቀለም ቢቀባ፣ ብዙም ሳይቆይ ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ከውስጥ እየወጣ ሥራውን ያበላሻል። ግድግዳው አስቀድሞ መፋቅና በሳሙና መታጠብ፣ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ላዩ ተልጦ በጭቃና በጭድ፣ በመጨረሻም በደቃቅ አፈርና በእበት እንደገና መለሰን ይኖርበታል። ልስኑ በደንብ ሳይደርቅ ቀለም መቀባት ድካምን ከንቱ ያደርጋል፤ በደባርቅ የክረምት ጭጋግ ደግሞ ልስን ለመድረቅ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ከሸክላ፣ ከጸጉርና ከቆዳ የሚገኘው

ከጭሱ ሌላ ጥቁር ቀለም በዕቃ አማካይነት ወደ ቤት ይገባል። ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስትና እንስራ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቃ የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ ስሟ የታወቀ መንደር ናት። መንደሯ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረች ስትሆን፣ ሴቶቹ ሸክላ በመሥራት፣ ወንዶቹ በአንጥረኝነትና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። አብዛኞቹ ነዋሪዎች በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ሙያውን የአካባቢው ሴቶች ተረክበው አቆይተውታል።

የሸክላው ጥቁረት በላዩ ላይ የተቀባ ሳይሆን ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። ዕቃው ከመተኮሱ በፊት ገጽታው በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል። በገለባና በእበት እሳት ሲተኮስ አየር ካጠረው ጭሱ ወደ ሸክላው ገጽ ይገባና ጥቁር ያደርገዋል፤ አየር በበቂ ሁኔታ ካገኘ ግን ያው ጭቃ ቀይ ሆኖ ይወጣል። አንድ ጭቃ ሁለቱን ቀለሞች የሚሰጥ መሆኑ፣ በመደርደሪያ ላይ ቀይና ጥቁር ሸክላዎችን አቀላቅሎ ማስቀመጥ ለምን ዓይን እንደሚማርክ ያስረዳል። ለማብሰያ የሚውለው ምጣድ ደግሞ በጎመን ዘር እየታሸ ሲሟሽ ጥቁረቱ ይጠልቃል፤ ገጹም ይለሰልሳል።

የሰሜን ደጋ በግ ከብርዱ የተነሳ ጸጉሩ ረዘም ያለና ሱፍ የበዛበት ሲሆን፣ የአገሪቱን የበግ ዓይነቶች የለዩ ተመራማሪዎችም «የሰሜን በግ» በሚል ራሱን የቻለ ዝርያ አድርገው መዝግበውታል። ጸጉሩ ተሸልቶ፣ ታጥቦና ተባዝቶ በእንዝርት ይፈተላል፤ በሸማኔ እጅም ባና ወይም ዝተት ይሆናል። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ጸጉር ለየብቻ ስለሚፈተል ያለ አንዳች ማቅለሚያ ባለ መስመር ጨርቅ ይገኛል። ባና ሌሊት ልብስ፣ ቀን የመደብ ምንጣፍ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ነጭ በተቀባ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም በመደብ ላይ የተነጠፈ ጥቁር ባና የሚሰጠውን ውበት በጥቁር ቀለም የተቀባ ግድግዳ አይሰጠውም፤ ባናው ብርሃኑን ብቻ ሳይሆን የክፍሉን ማስተጋባትና ብርዱንም ይቀንሳልና። አጎዛና ጀንዲም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ጥቁር አጎዛ በርጩማ ላይ፣ ጀንዲ አልጋ ላይ፣ በቆዳ የተለበጠ አገልግል ከግድግዳ ላይ።

ደማቁ ከየት ይመጣል?

ደማቅ ቀለም በደጋው ቤት በብዛት የሚገኘው በስፌት ነው። ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፉት መሶብ፣ ሰፌድ፣ ሌማትና ሙዳይ በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በሐምራዊ ቀለም ያጌጣሉ። ባለሙያዋ ማቅለሚያውን ዛሬ ከገበያ በዱቄት መልክ ገዝታ አክርማውን በፈላ ውሃ ታቀልማለች። ብዙውን ጊዜ በሁለት ደማቅ ቀለሞች መካከል ጥቁር ክር ትመልሳለች። ጥቁሩ ድንበር ነው። ቀዩ ከቢጫው ጋር እንዳይጋጭ ከልሎ ሁለቱንም ያጎላል። ይህንን ዘዴ ለቤት ቀለም መውሰድ ይቻላል፤ ስፋት ያለው ጥቁር ሳይሆን መስመር የሆነ ጥቁር አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ ይሠራል።

በጎንደር ሥነ ሕንፃም ይኸው ይታያል። ዓፄ ፋሲለደስ (እ.ኤ.አ. 1632–1667) ከጀመሩት የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች ጥቁር ግራጫ ድንጋይ የግድግዳውን አብዛኛውን ክፍል ሲይዝ፣ የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስት ግን ቀላ ባለ ድንጋይ ተከቧል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች ደግሞ ጥቁር ፀጉርና በጥቁር መስመር የተከበቡ ትልልቅ ዓይኖች ያሏቸው ሲሆን፣ ከሥራቸው የሚጮኸው ቀይና ቢጫ በዚያ መስመር ተገዝቶ ሥርዓት ይይዛል። በሥዕሉ ላይ ጥቁሩ ቢጠፋ ቀለሙ ሁሉ ይበተናል።

ከሐረር የሚገኘውም ልምድ ሊጠቀስ ይገባል። በሐረሪ ባህላዊ ቤት በተለያየ ከፍታ የተሠሩት መደቦች በቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ግድግዳው ነጭ ይሆናል፤ በግድግዳው ላይም ባለ ብዙ ቀለም ሙዳዮችና ጥቁር የእንጨት ገበታዎች ተደርድረው ይሰቀላሉ። ይህ ቤት ደማቅ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቀለም ስፍራው የታወቀ በመሆኑ ዓይን አያደክምም።

የከተማው ቤት

በደባርቅና በዳባት ከተሞች ዛሬ የሚበዛው ባለ አራት ማዕዘን፣ በእንጨትና በጭቃ ወይም በብሎኬት የተሠራ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ነው። በብዙዎቹ ኮርኒሱ ከአቡጀዲ ይሠራል፤ ወለሉ ሊሾ ይሆናል፤ ግድግዳው ከወገብ በታች በጠቆረ የዘይት ቀለም፣ ከወገብ በላይ በፈካ የውሃ ቀለም ይቀባል፤ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበትም ጠቆር ያለ ዞኮሎ ይሠመራል። ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ አቀባብ አዲስ አይሆንም፤ የአብዛኛው መሥሪያ ቤት ኮሪደር በዚሁ መልክ የተቀባ ነውና። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የታችኛው ክፍል በጀርባ፣ በወንበርና በልጆች እጅ ስለሚቆሽሽ የሚታጠብ ቀለም ያስፈልገዋል። ከወገብ በታች ያለውን ቡናማ ወይም ግራጫ በጥቁር መለወጥ ከፍተኛ ወጪ የማይጠይቅ፣ የታወቀውን ሥርዓት የማያፈርስና ከላይ ለሚሰቀለው ስፌት ወይም ሥዕል መሠረት የሚሆን አማራጭ ነው።

ጥቁርን በስፋት መጠቀም ለሚፈልግ ግን ብርሃን ዋነኛው ጥያቄ ነው። ነጭ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 ያህሉን መልሶ ሲሰጥ፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ይመልሳል። ስለዚህ አራቱም ግድግዳ ጥቁር የሆነ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ያለችው ክፍል በቀን ጭምር መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ተመራጩ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን አንድ ግድግዳ ብቻ ማጥቆር፣ ሌሎቹንና ኮርኒሱን ነጭ ማድረግ ነው። ጥቁር ግድግዳ ቤት ያሞቃል የሚለው አባባልም ቢሆን የሚሠራው ፀሐይ በቀጥታ ለምታርፍበት ገጽ ብቻ ነው፤ የውስጥ ግድግዳን ማጥቆር ለደባርቅ ሌሊት ብርድ አንዳችም አይፈይድም።

በቀለሙ ውስጥ ያለው እርሳስ

ደማቅ የዘይት ቀለም ሲገዛ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ደማቅ ቢጫ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ የዘይት ቀለሞች ድምቀታቸውን ለረጅም ጊዜ እንዲይዙ የእርሳስ ውሁዶች ሲጨመሩባቸው ኖረዋል። በኢትዮጵያ ገበያ ላይ የተደረጉ ፍተሻዎችም ከፍተኛ የእርሳስ መጠን ያላቸውን ቀለሞች አግኝተዋል። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት የሚጎዳ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ ነው ተብሎ የታወቀ መጠን እንደሌለው ይገልጻል። ልጆች የተላጠ ቀለም ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፤ አሮጌ ቀለም በደረቁ ሲፋቅም ብናኙ በቤት ውስጥ ይቀራል።

ይህንን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን እጅ ዘጠናው እጅ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለመዋዕለ ሕፃናት ቀለም የሚገዙ የግዢ ክፍሎች ይህንኑ በጨረታ ሰነዳቸው ላይ በግልጽ ማስፈራቸውና አቅራቢው የምርመራ ማረጋገጫ እንዲያቀርብ መጠየቃቸው ደንቡን ከወረቀት ወደ ግድግዳ ያወርደዋል። አሮጌ የዘይት ቀለም የሚነሳ ከሆነ ግድግዳውን እያረጠቡ መፋቅ፣ ልጆችን ከቤት ማራቅ፣ ፍቅፋቂውንም ሰብስቦ ማስወገድ ያስፈልጋል። የጥቁር ቀለም ማቅለሚያ በአመዛኙ ከካርቦን የሚገኝ በመሆኑ በዚህ ረገድ ከደማቆቹ ይሻላል፤ ቢሆንም ማድረቂያ ኬሚካሎች እርሳስ ሊኖራቸው ስለሚችል ጥቁር መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ድምቀቱን በዘይት ቀለም ከመፈለግ ይልቅ በስፌት፣ በጥለትና በሸክላ ማግኘት ለልጆች ክፍል የተሻለ ነው።

የኀዘን ቀለም ነውን?

ጥቁር የኀዘን ልብስ ቀለም በመሆኑ ለቤት አይሆንም የሚሉ ወገኖች አሉ። አስተያየቱ ክብር የሚገባው ነው፤ በተለይ ኀዘን የገባበትን ቤት በጥቁር መቀባት ለባለቤቱም ለጠያቂውም ይከብዳል። ይሁንና በአማርኛ ጥቁር ሁልጊዜ ኀዘንን አያመለክትም። «ጥቁር እንግዳ» የሚባለው ቤተኛ ያልሆነ፣ ስለዚህም ልዩ መስተንግዶ የሚደረግለት ሰው ነው። ጥቁሩ ጀበናም በረከቦቱ ላይ፣ በለምለም ቄጠማና በነጫጭ ስኒዎች መካከል ሲቀመጥ ለቅሶን ያስታወሰው ሰው የለም። ልዩነቱን የሚፈጥረው አጠገቡ የሚቀመጠው ቀለም ነው። ጥቁር ከነጭና ከቀይ ጋር ሲሆን የበዓል መልክ ይይዛል፤ ብቻውን ወይም ከግራጫ ጋር ሲሆን ይከብዳል።

ከመንደር ወደ ከተማ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ከመዝገቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ከሣር ቤት ወደ ቆርቆሮ ቤት መሸጋገር በአንድ ትውልድ፣ እንዲያውም በአንድ ወቅት ውስጥ ተከናወነ። ከመሃል ምድጃ፣ ከቆጥና ከምሰሶ ጋር የለመደው ዓይን ቀጥ ባሉና ጥግ ባላቸው ግድግዳዎች መካከል ገባ። ክብ ቤት ውስጥ ስፌት የሚሰቀለው በምሰሶና በማገር ላይ ነው፤ ባለ አራት ማዕዘኑ ቤት ግን ለመስቀያ አራት ሰፋፊ ገጾች ይሰጣል። ጥቁርና ደማቅ ቀለምን ማዋሃድ ከአዲሱ ቤት ጋር አሮጌውን ዕቃ የሚያስማማ መንገድ ሊሆን የሚችለውም እዚህ ላይ ነው።

በቱሪዝሙ ዘርፍ በጎ አርአያ ታይቷል። በደባርቅ አቅራቢያ የተሠራው የሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳዎች ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠሩ በመሆናቸው የአካባቢው አፈር ቀለም ራሱ ጌጥ ሆኗል። ሎጆች፣ የእንግዳ ማረፊያዎችና የመንግሥት አዳራሾች ባናውን፣ ሸክላውንና ስፌቱን ለውስጥ ማስጌጫ ሲገዙ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ቋሚ ደንበኛ ያገኛሉ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአካባቢው በደረሰው ጦርነትና አለመረጋጋት ሳቢያ የጎብኚው ቁጥር በመቀነሱ፣ ከመንገድ ዳር ገበያው ይልቅ እንዲህ ያለው የተቋማት ግዢ ለባለሙያዎቹ የበለጠ ትርጉም አለው።

ገዢው ግን ጥቂት ነገሮችን ሊያስተውል ይገባል። በተፈጥሮ ጥቁር የሆነ የበግ ጸጉር በፀሐይ ላይ ሲቆይ ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ ስለዚህ ጥቁር ባና ከመስኮት ፊት ለፊት ሳይሆን ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ብል እንዳይበላው በየጊዜው አውርዶ ማራገፍና ለአጭር ጊዜ ማናፈስ ያስፈልጋል። በዱቄት ማቅለሚያ የቀለመ ስፌትም እርጥበት ሲነካው ቀለሙን ስለሚለቅ፣ አዲስ በተለሰነና ባልደረቀ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቀይና ሐምራዊ ነጠብጣብ ነጩ ኖራ ላይ ይተዋል።